የሰባት ዓመት ወረፋ

ተክሌ አስራት የሞተው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መሞቱ የታወቀው ግን እሑድ ረፋድ ላይ ነው። ጎረቤቱ ወይዘሮ አፀደ ከቅዳሴ ተመልሰው በአትላንታ አጠገብ ስቶን ማውንቴን የሚገኘው ቤታቸው ደጅ መኪናቸውን ሲያቆሙ፣ ከተክሌ ቤት ጀርባ ያለው የወርክሾፑ መብራት በጠራራ ፀሐይ ቦግ ብሎ አዩት። ተክሌ መብራት አባክኖ የማያውቅ ሰው ነው። ነጠላቸውን እንዳጣፉ አጥሩን ዞረው በሩን ቢያንኳኩ መልስ አጡ። በሩ አልተቆለፈም ነበር።

ተክሌ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተንጋሏል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቆ ደሙ ብረት ከሚቀርጸው ማሽን፣ ከቶርኖው፣ ሥር ደርቋል። አጠገቡ አጭር የአሉሚኒየም መሰላል በጎኑ ወድቋል፤ ዙሪያውን የአምፖል ስብርባሪ ተበትኗል። ጣሪያው ላይ ከተደረደሩት ስድስት አምፖሎች የአንዱ ቦታ ባዶ ነው።

ቀድሞ የደረሰው ወጣት ፖሊስ ነገሩን በሁለት መስመር ጻፈው፦ ብቻውን የሚኖር የስድሳ አምስት ዓመት ሰው፤ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ወድቆ ሞተ። ወይዘሮ አፀደ ግን እያለቀሱ በአማርኛ ደጋግመው የሚናገሩት ነገር ስለነበረ፣ ቋንቋውን የምታውቀው መርማሪ ሐምራዊት ተጠራች።

ሐምራዊት አርባ አራት ዓመቷ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ከእናቷ ጋር ከሱዳን የስደተኞች ጣቢያ መጥታ፣ እዚሁ በአትላንታ ምሥራቃዊ ዳርቻ አድጋ፣ በካውንቲው ፖሊስ አሥራ ስምንት ዓመት አገልግላለች። ብዙ አትናገርም። ሰው ፊት ዝም ብላ መቆየት ስለምትችል፣ ዝምታውን መሸከም የሚያቅተው ሁልጊዜ ሌላው ወገን ነው።

«እትዬ አፀደ፣ ለፖሊሱ ምን ነበር የሚሉት?» አለቻቸው።

«ተክሌ መሰላል ላይ አይወጣም ነው የምለው፣ ልጄ! ቀኝ ትከሻው ከተያዘ ሦስት ዓመቱ። እጁን ከደረቱ በላይ አያነሳም። አምፖል ሲቃጠልበት የምቀይርለት እኔ ነኝ፤ እኔ ከሌለሁ ግሩም ነው።»

«ግሩም ማነው?»

«ሰኞና ሐሙስ እየመጣ በሥራ የሚያግዘው።»

«የትከሻውን ነገር ሌላ ሰው ያውቃል?»

«ለማን ብሎ ይናገራል? ደንበኞቼ እጁ ታመመ ካሉ ይሸሹኛል እያለ ይደብቅ ነበር። ሰው ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያወራው።»

የአሻራ ባለሙያው ሥራውን ሲጨርስ ሐምራዊት ከጠረጴዛው ላይ ከሶኬቱ የወጣውን አሮጌ አምፖል አነሳች። የማንም አሻራ አልተገኘበትም፤ የባለቤቱም እንኳ። መሰላሉ ላይ ወጥታ ባዶው ቦታ ላይ አዞረችው። አምፖሉ በራ።

ወርዳ አካባቢውን አየች። ከወርክሾፑ መሐል አንድ ፔዳል ስቲል ጊታር ቆሟል። ይህ እንደ ሌላው ጊታር ደረት ላይ የሚታቀፍ ዕቃ አይደለም፤ እንደ ጠባብ ጠረጴዛ በአራት እግሮቹ ይቆማል። ተጫዋቹ ከኋላው ተቀምጦ በግራ እጁ የብረት ዘንግ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ በእግሩ ፔዳል ይረግጣል፣ በሁለት ጉልበቶቹ ደግሞ ከሥር የተንጠለጠሉትን ማንሻዎች ወደ ጎን እየገፋ ድምፁን ይስበዋል። ተክሌ በአውሮፕላን መለዋወጫ ፋብሪካ ቶርኖ ላይ ሲሠራ ከአንድ ሽማግሌ ባልደረባው የተማረው ሙያ ነው። ጡረታ ሲወጣ ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ሚስትም ልጅም እንዲሁ። የሚሠራው በትእዛዝ፣ እንደ ልብስ ስፌት በሰውየው ልክ ነበር። ከቴክሳስ እስከ ኖርዌይ ድረስ ስሙ ስለታወቀ ወረፋው እየረዘመ ሰባት ዓመት ደረሰ።

ሐምራዊት ጊታሩን ጎንበስ ብላ መረመረችው። ክሮቹ ዝገዋል። በዝገቱ መሐል ግን የብረት ዘንግ የተንሸራተተበት አዲስና የሚያብረቀርቅ መስመር ይታያል። ከሥር ገብታ በባትሪ ስታይ እንጨቱ ላይ «41» የሚል ቁጥር ተመትቷል፤ ጎኑ ላይ በእርሳስ፣ በአማርኛ፣ «ሰኔ 4 ቀን 2013 አለቀ» ተብሎ ተጽፏል። ሐምራዊት በጣቷ ቆጠረች። አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ማንሻዎቹም ቦታቸው እንግዳ ነበር፤ ለግራ ጉልበት የተሠራ አንድም የለም፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ተሰብስበዋል። ጎኑ የተቀመጠው ባዶ የጊታር መያዣ ኬዝ ላይ የባለቤቱ ስም የነበረበት ወረቀት ተገሽልጧል።

«ቅዳሜ የሰሙት ነገር አለ?» ስትል ወደ ወይዘሮ አፀደ ዞረች።

«ስምንት ሰዓት ገደማ የሴት ጩኸት ሰማሁ። ያቺ ጊታር ያዘዘችው ረጅሟ ልጅ ናት፣ መኪናዋን አይቻለሁ። ወዲያው ሄደች። ከዚያ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሙዚቃ ሰማሁ። እንዴት ያለ ሙዚቃ መሰለሽ! ልብሴን ማጠፍ ትቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ።»

«ተክሌ ነበር የሚጫወተው?»

«ኧረ ወዲያ! እሱ መሥራት እንጂ መጫወት አይችልም። አንዷን ክር ነካ፣ ሌላዋን ነካ አድርጎ ይተወዋል። ያን ቀን ግን ሙሉ ዜማ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። ደንበኛ መጥቶ እየሞከረለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።»

«ዜማውን ያውቁታል?»

«ሰምቼው አላውቅም። ግን ጆሮዬ ላይ ቀርቷል።» ወይዘሮ አፀደ አስከሬኑ ወዳለበት ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ አንጎራጎሩ። ሐምራዊት ስልኳን አውጥታ ቀዳችው።

ተክሌ ወገቡ ላይ ከታሰረው የቁልፍ ዘለላ አንዱ ከወርክሾፑ ጀርባ ያለችውን፣ በሯ ሲዘጋ ራሱን የሚቆልፈውን ትንሽ ክፍል ከፈተ። ዓርብ ሌሊት የጣለው ኃይለኛ ዝናብ በጣሪያው አፍስሶ ወለሉ ገና አልደረቀም። ከአናት በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አራት ከባድ ኬዞች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ከሥራቸው ረጥበዋል። ቁጥራቸው ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ ሦስት፣ አርባ አራትና አርባ ስድስት ነው። በያንዳንዳቸው ላይ የሰው ስም፣ አድራሻና ስልክ አለ፤ ከውስጥ ከእንጨቱ ሥር ደግሞ «አለቀ» የሚል ቃል።

ሰኞ ጠዋት ሐምራዊት ግሩምን በአቅራቢያው ባለችው የዲኬተር ከተማ፣ በሚሠራበት የመኪና ቦዲ ጥገና አገኘችው። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ጣቶቹ በቅባት የጠቆሩ፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ሰው ነው።

«አቶ ግሩም፣ ያለ ጨዋታ የቆየ ክር ይዝጋል?»

«በዚህ አገር እርጥበት? በደንብ ነው እንጂ።»

«ተክሌ በመጨረሻ ለደንበኛ ያስረከበው ስንተኛውን ነው?»

«አርባ ሰባትን። ከገና በዓል በፊት።»

«ታዲያ አርባ አንድ እስካሁን እዚህ ምን ያደርጋል?»

ግሩም የያዘውን ካቻቢቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ መልሶ አነሳው። «ባለቤቱ... ሳይመጣ ቀርቶ ይሆናል።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«አላውቅም። የሰዎቹን ልክ በጭንቅላቱ ነበር የሚይዘው። እኔ ብረቱን ብቻ ነው የምቆርጥለት።» ቅዳሜ ዕለት የት እንደነበረ ስትጠይቀው ከቀትር እስከ ማታ እዚሁ እንደነበር ነገራት፤ አሠሪውም ይህንኑ አረጋገጠላት።

ግሩም አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን መልሶ ዘጋው። አንድ የሚያውቀው ነገር እንዳለና እንደሚያሳፍረው ለሐምራዊት ገባት።

ረጅሟ ልጅ ሳሮን ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን ቀን ቀን ለሆስፒታሎች ከቤቷ ሆና ትሠራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በየክለቡ ትጫወታለች። የአፓርታማዋን በር ከፍታ ገና ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ሉክ፣ ጮሄበታለሁ፣ አልዋሽሽም። ሦስት ዓመት ዌይት አድርጌያለሁ! ‹የኔ የት ደረሰ?› ስለው አንድ ጥሬ እንጨት አሳየኝ። ላይክ፣ እንጨት! ኦርደሩን ካንስል አደርገዋለሁ ብዬው ወጣሁ። ግን አይ ሚን፣ ሰውዬውን እወደው ነበር። ሁሌ ምሳ ካልበላሽ አትሄጂም ይለኝ ነበር።»

«ስትገቢ ወርክሾፑ ምን ይመስል ነበር?»

«ሜስ ነበር፣ ትርምስምስ። ዝናቡ ሊክ አድርጎ ወለሉ ውሃ ነው። ከጓዳው አውጥቶ ኬዞች መሬት ላይ ደርድሯል፣ አምስት ይሆናሉ። ምንድን ናቸው ስለው ለጥገና የመጡ ናቸው አለኝ።»

«መሬት ላይ?»

«መሬት ላይ። ልርዳህ ብለው፣ አይ የሚረዳኝ ሰው ይመጣል አለ።»

ከተክሌ ወርክሾፕ በቀጥታ ሮዝዌል ወዳለ ክለብ ሄዳ ነበር፤ ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽት መድረክ ላይ ስትዘጋጅ ያዩዋት አምስት ሰዎች ነበሩ። ሐምራዊት ሁሉንም ደውላ አረጋገጠች።

በተክሌ ስልክ ላይ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ የሚደውል አንድ ቁጥር ነበር። የቁጥሩ ባለቤት ሕዝቅያስ የሚባል የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዲኬተር ባለች አንዲት የኢትዮጵያውያን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ይጫወታል። ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ አገኘችው። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አጭር፣ ትሑት፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ወንበሮች አሉ። አንዱ ላይ የሴት ሹራብ ተጣጥፎ ተቀምጦበታል፤ ሕዝቅያስ ያንን ሳያነሳ የራሱን ወንበር ለእንግዳዋ ለቀቀና ቆመ። ሐምራዊት እምቢ ብላ ሁለቱም ቆመው ተነጋገሩ።

«ተክሌን እንዴት አወቁት?»

«ጊታር አዝዤው። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ ወዳጅ ሆንን፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ምሳ ይዤ እሄዳለሁ።»

«ሰባት ዓመት ለመጠበቅ ብዙ አይደለም?»

«ባለቤቴ ተናኘወርቅ ስትታመም ነው ያዘዝኩት። አንድ ዜማ ሠርቼላት ነበር። በኪቦርድ አይወጣም፤ ኪቦርድ ከድምፅ ወደ ድምፅ ይዘላል፣ ያ ዜማ ደግሞ መንሸራተት አለበት። ‹ጊታሩ ሲመጣ ትሰሚዋለሽ› እላት ነበር። ሲመሽ ሲመሽ፣ ‹ተክሌ ምን አለ?› ትለኛለች። እንጨቱ ተቆርጧል አለ፣ እላታለሁ። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት።»

«ዜማውን ማን ሰምቶታል?»

«እሷ ብቻ፣ በአፌ አንጎራጉሬላት። ቤተ ክርስቲያንም አላቀረብኩትም። የእሷ ነው።»

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ስለ ተናኘወርቅ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ያሉት ወንድሞች እንዳያሳዝኑት ብለው ስሟን ማንሳት ትተዋል። ስለዚህ ለፖሊስ መናገሩን እያወቀ እንኳ ማቆም አልቻለም።

«ያለፈው ቅዳሜ ተክሌ ጋ ሄደው ነበር?»

«አልሄድኩም። ሥራ ነበርኩ።»

«የእርስዎ ጊታር የት ደርሶ ነበር?»

«እንዳልኩሽ ነው። እንጨቱ ተቆርጧል ይለኝ ነበር።»

ሊሸኛት ሲራመድ ግራ እግሩ እንደ ምርኩዝ ደርቆ ተከተለው። አይታ ስትጠይቀው፣ «ኦፕሬሽን ነው፤ ጉልበቴ ወደፊት እንጂ ወደ ጎን አይሄድም» አላት።

በማግሥቱ የአውቶቡስ ጣቢያው የቅዳሜን የሥራ ሰሌዳ ላከላት። ሕዝቅያስ ሥራውን የጨረሰው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ሐምራዊት አራቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የግቢው ጥድ የአበባ ብናኝ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ቢጫ ዱቄት ነስንሷል። ወይዘሮ አፀደ ጥቁር ነጠላ ለብሰው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሳሮን ክንዶቿን አጣምራ ግድግዳው ላይ ተደገፈች፤ ግሩም ቶርኖው ጋ ቆመ፤ ሕዝቅያስ ለብቻው መስኮቱ ሥር። ወጣቱ ፖሊስ ውጭ ነበር። ጊታሩ መሐላቸው እንደቆመ ነው።

«ተክሌ አልወደቀም» አለች ሐምራዊት። «አምፖሉ አልተቃጠለም፤ መልሼ ሳዞረው በርቷል። አሻራውም ተጠርጎ ጠፍቷል። አምፖል ሲቀይር የሞተ ሰው አሻራውን አይጠርግም። ስለዚህ መሰላሉን ያጋደመው ሌላ ሰው ነው።»

ሐምራዊት ወደ መሰላሉ ጠቆመች።

«ያ ሰው ተክሌ እጁን ማንሳት እንደማይችል አያውቅም። እትዬ አፀደና አቶ ግሩም ያውቃሉ። እነሱ ቢሆኑ ኖሮ ሌላ ምክንያት ይፈጥሩ ነበር እንጂ መሰላል አያቆሙም።»

ሳሮን ቀና አለች። «ሶ፣ እኔ ልትዪ ነው?»

«አንቺ ስትመጪ አምስት ኬዞች መሬት ላይ ነበሩ። እሑድ ግን አራቱ ከአናት በላይ ተደርድረው አገኘኋቸው። ተክሌ በዚያ ትከሻ አያነሳቸውም። አንቺ ከወጣሽ በኋላ የሚጠብቀው ወዳጁ መጥቶ አገዘው። ገዳዩ በጠብ አልመጣም፤ እንደ ወዳጅ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ ሊረዳ ነው የመጣው።»

ወደ ጊታሩ ተጠጋች። «አምስተኛው ይኸው። የባለቤቱ ስም ተገሽልጧል። ግን ተክሌ የሰውን ስም ወረቀት ላይ ብቻ አልነበረም የሚጽፈው። ሳሮን፣ እስቲ ተቀመጪ።»

ሳሮን እያመነታች ተቀመጠች። ረጅም ጭኖቿ ከእንጨቱ ሥር አልገባ አሏት። ግራ ጉልበቷን ወደ ጎን ብትገፋ የሚነካ ነገር አጣች። «ለግራ ምንም ማንሻ የለም? እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።»

«አቶ ግሩም፣ እንዲህ የሚሠራው ለማን ነው?»

ግሩም መሬት መሬቱን እያየ፣ «ግራ ጉልበቱ ወደ ጎን ለማይሄድ ሰው» አለ።

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሕዝቅያስ ፈገግ ሊል ሞከረ። «የኔ ነው እንበል። ማለቁን ግን አላውቅም ነበር። ቅዳሜም አልመጣሁም።»

«ሥራዎ ሰባት ሰዓት ላይ አብቅቷል፣ ጋሼ።»

«ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

«ጥሩ። በእነዚህ በዛጉ ክሮች ላይ አንድ አዲስ መስመር አለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ተጫውቶባቸዋል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በአስከሬን ምርመራው መሠረት ተክሌ ከሞተ በኋላ። እትዬ አፀደ መስኮታቸው ሥር ሆነው ሰምተዋል። እትዬ፣ ያንን ዜማ ይድገሙልኝ።»

ወይዘሮ አፀደ አፈሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በቀጭን ድምፅ ጀመሩ። አንድ ሐረግ፣ ሁለት ሐረግ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ፣ ከመስኮቱ ሥር፦

«እዚያ ጋ አይወጣም» አለ ሕዝቅያስ። «ይወርዳል። ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው።»

ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የሰማው። ወይዘሮ አፀደ እጃቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ዜማው የማን ነው?» አለች ሐምራዊት ቀስ ብላ።

ሕዝቅያስ ደረቁን እግሩን ዘርግቶ መስኮቱ ሥር ያለው ሣጥን ላይ ተቀመጠ። «የተናኜ ነው።»

ሐምራዊት ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። ጠበቀችው።

«ኬዞቹን አብረን አነሳን» አለ ሕዝቅያስ። «አራቱን ሰቀልኩለት። አምስተኛውን ሳነሳ ወረቀቱ ረጥቦ ተላጠና እጄ ላይ ቀረ፤ ስሜ አለበት። ከፈትኩት። ከሥር ቀኑን አነበብኩ። ተናኜ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር በሕይወት ነበረች። ሦስት ዓመት! እኔ በየሁለት ሳምንቱ እየተመላለስኩ፣ እንጨቱ ተቆርጧል እያልኳት። ‹ለምን?› አልኩት። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ብትወስደው ቅዳሜ ማን ይመጣል?›»

ሳሮን ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ገፋሁት። አንድ ጊዜ ነው። የቶርኖው ጠርዝ አገኘው። ትንፋሹን ባዳምጥ የለም። ፖሊስ እስኪመጣ ልጠብቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ግን ማንንም አልጠራሁም። የጊታሩን እግሮች ገጠምኩ፣ ክሮቹን ቃኘሁና፣ ሰባት ዓመት በሐሳቤ ስለማመደው የኖርኩትን ተጫወትኩላት። ስጨርስ ፈራሁና መሰላሉን አጋደምኩ። የፈራሁት ሞትን አይደለም። ‹ሕዝቅያስ ሰው ገደለ› ሲባል፣ የእሷም ስም አብሮ ይነሳል ብዬ ነው።»

ግሩም ቶርኖው ላይ እንደተደገፈ ማልቀስ ጀመረ። «እኔ አውቅ ነበር» አለ። «ሦስት ዓመት አውቄያለሁ። ‹ጋሼ፣ የሰው ዕቃ ነው፣ ስጣቸው› እለው ነበር። ‹ጊታሩን የወሰደ ሰው አንድ ጊዜ አመሰግናለሁ ብሎ ደውሎ ይጠፋል› ይለኛል። ለሁሉም አላደረገውም። የሚደውሉለትን፣ የሚመጡለትን ሰዎች ብቻ እየመረጠ ነው ያስቀረው። ለሕዝቅያስ ብነግረው ኖሮ...»

«ብትነግረኝ ኖሮ ተናኜ ትሰማው ነበር» አለ ሕዝቅያስ። በቁጣ አልነበረም።

ሐምራዊት ወጣቱን ፖሊስ ጠራችው። ሕዝቅያስ እጆቹን ራሱ ዘረጋ። በሩ ላይ ሲደርስ ወይዘሮ አፀደ ተነስተው ቆሙ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቷቸው አለፈ።

ተክሌ አሜሪካ ውስጥ ዘመድ ስላልነበረው አስከሬኑን የተረከቡት ወይዘሮ አፀደና ግሩም ናቸው። ሐምራዊት ደግሞ፣ ማንም ሳያዛት፣ መደርደሪያው ላይ በቀሩት አራት ኬዞች ላይ ወደተጻፉት ስልኮች ደወለች። ቴነሲ ያለ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ጊታሩ ካለቀ ሁለት ዓመት እንዳለፈው ስትነግረው ስለ ጊታሩ አልጠየቃትም። የቀብሩን ቀን ጠየቃት። ሽማግሌው ወረፋ ለሚጠብቁ ሌሎች ሰዎች ነገረ፤ እነሱም ለሚያውቋቸው ነገሩ።

ወይዘሮ አፀደ ለአሥር ሰው የሚሆን ምግብ አዘጋጅተው ነበር። የቀብሩ ዕለት የመኪናው ሰልፍ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ደረሰ፤ ታርጋው የአላባማ፣ የኬንታኪ፣ የቴክሳስ። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ጉድጓዱ ዙሪያ ቆመው፣ ‹አንተ ስንት ዓመት ጠበቅክ?› ይባባሉ ነበር። ሳሮን ወይዘሮ አፀደን እጃቸውን ይዛ ቆማለች። ወረፋ ላይ ሆነው ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት፣ ስድስት ዓመት ከተክሌ ጋር በስልክ ያወሩ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ፊቱን እንኳ አይተውት አያውቁም።

በሳምንቱ ሐምራዊት የምርመራውን የመጨረሻ ወረቀት ልታስፈርም ሕዝቅያስ ወደታሰረበት ሄደች። ፈርሞ ብዕሩን መለሰላት። ልትነሳ ስትል፦

«ቀብሩ ላይ ስንት ሰው መጣ?» አላት።

«ስልሳ ሦስት ቆጥሬያለሁ።»

ሕዝቅያስ እጆቹን ተመለከተ።

«አያውቅም ነበር እኮ» አለ። «ያን ያህል ሰው እንዳለው አያውቅም ነበር።»